ማንም ያልነካቸው ቅጠሎች

ከጎንደር የተነሳሁት መልእክት ይዤ ነው። የሥራ ባልደረባዬ መቅደስ እናቷን ከቀበረች ወዲህ አባቷ እንፍራንዝ ብቻቸውን ቀርተዋል። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ጎንደር ሐኪም አጠገብ ይኑሩ ቢባሉ ግን አሻፈረኝ አሉ። «እናትሽ ማታ ማታ ትመጣለች፤ ቅጠሎቹ ይታጠፉላታል» ይሏታል።

«አንቺ የተማርሽው ዕፅዋት ነው፤ ቅጠሎቹ በራሳቸው እንደሚታጠፉ ንገሪው፤ ያንቺን ይሰማል» አለችኝ መቅደስ። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። ቢሆንም ሄድኩ።

ሚኒባሱ ፀዳን አልፎ ማክሰኚት ሲቆም ሴቶች የሽንብራ እሸት በመስኮት አቀበሉን። እሱን እየፈለፈልኩ፣ የምናገረውንም በልቤ እያጠናሁ ደረስኩ።

የመቅደስ አባት አያ ደሴ በር ላይ ጠበቁኝ። «ምነው አንገትሽን ደፋሽ? አንቺም እንደ ተክሎቻችን ነሽ፤ ሲያዩሽ ትታጠፊያለሽ!» ብለው ሳቁ።

ተክሎቹ ያሉበት የመስታወት ቤት ከጓሮ ነው። ሟቿ የግብርና መምህርት ነበሩ፤ የሞቃት አገር ተክል ከየቦታው ለቃቅመው እዚያ አኑረዋል። ስንገባ እርጥብ ሙቀት ፊቴን ሸፈነው። ሥሮቻቸው አየር ላይ የተንጠለጠሉ አበቦች አሉ፤ ዝንብ ገብቶ የሚሰጥምባቸው፣ እንስራ የሚመስሉ ቅጠሎችም አሉ። ከበሩ እስከ አግዳሚው ወንበር ደግሞ ሲነኩት ቅጠሉን የሚያጥፈው ተክል በየጣሳው ተደርድሯል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም።

አስራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ ፀሐይ ግን አልጠለቀችም። በሩ አጠገብ ያለው ተክል ታጠፈ። ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ሦስተኛው። በሩ ዝግ ነው፤ ነፋስ የለም፤ ጥላ ያረፈውም በሩ ጋ ሳይሆን እኛ በተቀመጥንበት በኩል ነበር። መታጠፉ በሰው እርምጃ ልክ ወደኛ መጣ።

አያ ደሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። «ኖር!»

ያጠናሁትን ተናገርኩ። «አያ ደሴ፣ ይሄ ተክል ሲመሽ ማንም ባይነካውም ይታጠፋል። ተፈጥሮው ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ያስተማረችኝ እሷው ናት» አሉ ረጋ ብለው። «ታዲያ ምነው አንቺ ተነሳሽ?»

ወደ እግሬ አየሁ። ቆሜያለሁ።

በማግስቱ አንዱን ጣሳ ለልጃቸው አስይዘው አሳፈሩኝ። በቀጥታ ጎንደር ቁስቋም፣ መቅደስ ቤት ሄድኩ። ጣሳውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«ነገርሽው?»

«ነገርኳቸው። ያውቃሉ።»

«ያውቃል? እያወቀ ነው እንዴ የሚያሰቃየኝ!» እያለች ስትብሰለሰል ውጭው መምሸት ጀመረ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ መታጠፍ ሲጀምሩ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ተክሉ ለምን እንደሚታጠፍ ዛሬም ማስረዳት እችላለሁ። ከጉዞው ያተረፍኩት አንዳንዴ ሳላስረዳ መቆምን ነው።

መቅደስ ነጠላዋን ሰብስባ ከወንበሯ ተነሳች።

«አባባ አይመጣም» አለች፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ። «እኔ ነኝ የምሄደው።»