ያልተመለሰው የጧት ሰላምታ

ወይዘሮ ተናኜ ልጃቸው በረከት ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን ሰላምታው ቀርቶባቸው አያውቅም። ቦሌ ቡልቡላ ካለው ኮንዶሚኒየማቸው፣ የጧቱ አውሮፕላን መስኮቱን ሲያንቀጠቅጥ ስልካቸው ይበራል፤ «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ?» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ፊደሉ ትልልቅና አረንጓዴ ነው። ማንበብ የተማሩት በስተርጅና፣ በማታ ትምህርት ስለነበር ደቃቅ ጽሑፍ ይምታታባቸዋል። በረከት ይህን ያውቅ ነበር። ይሠራበት በነበረው የጭነት ድርጅት ያለውን ኮምፒውተር፣ ሰላምታውን በየጧቱ በራሱ እንዲልክላቸው አዝዞት ነበር።

ለማንም አልተናገሩም። የነፍስ አባታቸው ቢሰሙ ጠበል ይግቡ ይሏቸዋል፤ ጎረቤት ቢሰማ ደግሞ «አሮጊቷን ነካ አደረጋት» ይላል። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነበር። እናታቸው፣ ሰላምታው ያልተመለሰለት ሰው ቢሞትም ከደጅ አይሄድም ይሉ ነበር። በረከት በሕይወት ሳለ ደውለው ይመልሱለት ነበር፤ በስልክ መጻፍ አይችሉም። አሁን ወዴት ይደወላል?

አንድ ጧት ሰላምታው ተበላሽቶ መጣ። ደቃቅ ነው፤ የፈረንጅ ፊደልና የሾሉ ምልክቶች ወረውታል። ከመሃል «እማዬ» የምትለው ብቻ ትነበባለች። ወይዘሮ ተናኜ ነጠላቸውን አጣፍተው ታክሲ ተሳፈሩና ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ ሄዱ።

በበረከት ወንበር የተተካችው ሳምራዊት ስልኩን አይታ ክው አለች።

«እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ ነው የሚሄደው? አድራሻው የማን እንደሆነ ስላላወቅኩ ልሰርዘው ነበርኮ!»

«እኔ ሳልሰናበተው? ደግሞስ ምን አድርገሽው ነው?»

«ኮምፒውተሩን ቀየርነው። የእሱን ትእዛዝ ወደ አዲሱ ስገለብጥ አንድ መስመር ጣልኩ። ከመልእክቱ ራስጌ ላይ፣ ኤችቲኤምኤል በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ መሠራቱን ካልነገርነው፣ ስልኩ የፊደሉን መጠንና ቀለም የሚያዘውን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ያወጣዋል።»

«ልጄን ራቁቱን ላክሽብኝ በይኛ!»

ሳምራዊት ከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለው፣ የሚነካ ነገር የለው፣ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። የጎደለውን መስመር ጽፋ ቁልፉን ስትጫን፣ ስልኩ ወይዘሮ ተናኜ እጅ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «እማዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ትልቅ፣ አረንጓዴ። ከላይ የበረከት ስም።

«እዚያ ውስጥ መልስ ይገባል?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጥቁሩ መስኮት ሳይነቅሉ።

«የእሱ አድራሻ አልተዘጋም፤ ይገባል። ግን እማማ… የሚያነበው የለም።»

«እሱን ለእኔ ተይው። እሱ በሚጽፍልኝ ፊደል አድርጊው። ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርኩ ልጄ። አንተስ?› በይልኝ።»

ሳምራዊት ጽፋ ልትልክ ስትል እጇን ያዙት።

«‹አንተስ› የሚለውን አጥፊው። ከጠየቅኩት ይመልስልኛል።»

አጠፋችው፤ ላከችው። ጥቁሩ መስኮት ምንም አላለም።

«አልሄደም?»

«ሄዷል። እዚህ ዝም ካለ ደርሷል ማለት ነው፤ የሚጮኸው ሲያቅተው ነው።»

ወይዘሮ ተናኜ ስልካቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። «በይ የእሱንም ሰላምታ አቁሚው» አሉ። «መልሱን አግኝቷል፤ ይሂድ።»

በማግስቱ አውሮፕላኑ መስኮቱን አንቀጠቀጠ። ስልኩ ጨለማ እንደሆነ ቀረ። ወይዘሮ ተናኜ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። አፋቸው ለምዶ «ደህና አደርኩ» አለ። ከዚያ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ደጁ አዞሩ።