ፖስታ የሚልኩት እንደራሴ

አቶ የልፓላ ናሜ ከእኛ ከሰሜኑ ጫፍ ተመርጠው ስምንት ዓመት በዋና ከተማው በአክራ ፓርላማ ተቀምጠዋል። ከዚያ በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ እኔንም አስተምረውኛል። ንግግር ያውቁበታል። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ድልድይ አርባ ደቂቃ ተናግረው አፈ ጉባኤው ሦስት ጊዜ ሰዓት ሲያስታውሳቸው በሬዲዮ ሰምተናል። ድልድዩም ተሠርቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው።

ጉድለታቸው ለቅሶ ላይ ነበር። በእኛ በዳጋባዎች ዘንድ ሟች ምርጥ ልብሱን ለብሶ ከግቢው ፊት ማማ ላይ ይቀመጣል፣ ጊል የሚባለው የእንጨት ዜማ መሣሪያችን ይመታለታል፣ ማን እንደመጣለትም ያያል። ቤተሰቡም ያያል፤ የመጣውንና የቀረውን ለማስታወስ ደግሞ ወረቀት የሚያስፈልገው ሰው የለም። የልፓላ ግን በራሳቸው ፈንታ ሹፌራቸውን ይልኩ ነበር። ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ ይወርድና «ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ገንዘብ ያለበት ፖስታ በሁለት እጁ ሰጥቶ ይመለሳል። ፖስታው ስስ አልነበረም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባቸው ነው ተባለ። በኋላ በኋላ ግን መኪናቸው ሲያልፍ ጠላ ቤት የተቀመጡ ሴቶች ብድግ እያሉ ለባዶው የኋላ ወንበር እጅ ይነሱ ጀመር።

በሦስተኛው ምርጫ ወደቁ። ፓርቲያቸው ግን ሥልጣን ስለያዘ በአራተኛው ወር የወረዳችን አስተዳዳሪ ሆነው ታጩ። ሹመቱ የሚጸናው ከሠላሳው የወረዳ ጉባኤ አባላት ሃያው በምስጢር ድምፅ ሲደግፉት ነው። የጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሣጥኑን የምይዘው፣ ድምፁን የምቆጥረውም እኔ። አሥራ ስድስት አገኙ። ሕጉ በአሥር ቀን ውስጥ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። ያም ካልሆነ ስማቸው ወደ አክራ ይመለሳል፤ ስድሳ አንድ ዓመት የሞላውን ሰው ደግሞ ሁለተኛ የሚያጭ የለም።

በማግስቱ ቢሮዬ መጡና እነማን እንደከለከሏቸው ጠየቁኝ። ሣጥን ዓይን የለውም አልኳቸው። ከመካከላቸው በድልድዩ የማይሻገር ማን አለ ብለው ተገረሙ። ምክንያቱን አውቅ ነበር። አባቴ ሲሞት ለእኛም ፖስታ መጥቶልናል። ልነግራቸው እችል ነበር፤ አልፈለግኩም።

በአራተኛው ቀን እናታቸው ፑኦቤ ሞቱ። ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው ማማው ላይ ተቀመጡ፤ ጊል መቺዎቹም ጀመሩ። እኔ የሄድኩት ጉዱን ለማየት ነው፤ ይህንንም አልደብቅም። ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት ደረሰ። የዚየም የእህት ልጅ ነው፤ ዚየም የጉባኤ አባል ነው። ልጁ ሞተር ሳያጠፋ ወረደና «አጎቴ ስብሰባ ላይ ነው» ብሎ ፖስታ በሁለት እጁ ሰጠ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ መጣ። ተመካክረውበታል ብዬ አላምንም፤ ብድር በምድር ለሁሉም በየፊናው ታይቶት ነው። እስከ ቀትር አሥራ አንድ ፖስታ ገባ። ከሁለት እህቶቻቸው በቀር የሚያለቅስ አልነበረም። ጊል መቺው ወደ ማማው ዞሮ «ልጅሽ ትልቅ ሰው ነው፣ ሰው ግን የለውም» ብሎ ሙሾ አወጣ። የልፓላ ፖስታዎቹን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ሰሙት። ያኔ ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ደስም አላለኝም።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲያልቅ ገበያ ላይ ብስክሌት የሚጠግነው አቱቢጋ መጣ። አቱቢጋ የፍራፍራ ጎሳ ሰው ነው። የፍራፍራና የዳጋባ አባቶች ወንድማማቾች ነበሩ፤ ማን ይብላው ብለው በአንድ የውሻ ጭንቅላት ተጣልተው ተለያዩ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በሠርግም በለቅሶም እንሰዳደባለን፤ መቆጣት ክልክል ነው። አቱቢጋ ማንንም ሳያናግር መቃብሩ ውስጥ ወርዶ ተጋደመ። ይህም ወግ ነው፤ ዶሮ ወይም መጠጥ ይሰጠዋል፣ ይወጣል። የልፓላ ከልማድ የተነሳ አንዱን ፖስታ ወደ ታች ዘረጉለት።

«እሱን ለሹፌርህ ስጠው» አለ አቱቢጋ። «እኔ አልወጣም። ጉድጓዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ተመችቶኛል።»

«ምን ትፈልጋለህ ታዲያ?»

«ሰው! ይቺ ሴትዮ ያላለቀሰችበት ግቢ የለም። ዛሬ ለሷ ማን አለቀሰ? ሂድና በየቤቱ ጥራ። በእግርህ ደሞ። መኪና አስነስተህ ብሰማ እዚሁ አድራለሁ።»

«እናቴ ፀሐይ ላይ ናት እኮ፣ አቱቢጋ።»

«ትጠብቃለች፣ አንተ ውሻ በላ። ስምንት ዓመት የጠበቁህም አሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን የተናገራቸው ይጣሉት ነበር። ፍራፍራን ግን አይጣሉትም። ፖስታዎቹን ለእህታቸው ሰጥተው በእግራቸው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ዚየም ቤት ነው። ዚየም በር ላይ ቆሞ ግቡም ሂዱም አላላቸውም። ንግግር ይጀምራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጀመሩም፤ አባቱ የት እንዳረፉ ብቻ ጠየቁት። ከግቢው ጀርባ ወሰዳቸው። መቃብሩ ሥር ቁጢጥ ብለው ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ፤ ሰውዬው ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። ለዚየም አባት ይሁን ለገዛ እናታቸው እንዳለቀሱ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ዚየም ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸው፤ ሚስቱንም ጠርቶ አብረውን ወጡ። እንደዚህ እያልን ስድስት ቤት ሄድን፤ ሰልፉም እየረዘመ መጣ። ከስድስተኛው ቤት ስንወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዴሪ፣ የአንተስ አባት የት ነው ያረፈው?»

ቤቴ ሩቅ አልነበረም። አሳየኋቸው። እዚያ የሆነውን በቃለ ጉባኤ አልያዝኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፑኦቤ በለቅሶ ተቀበሩ። አቱቢጋ አፈሩን እያራገፈ ወጣና ወገቤ ደረቀ ብሎ የፍየል እግር አስጨመረ።

በሁለተኛው ድምፅ አሰጣጥ ሃያ አንድ ድጋፍ ቆጠርኩ። የልፓላ ሰባት ዓመት አስተዳደሩን። በጣም የተለዩ አስተዳዳሪ አልነበሩም፤ ሁለት ትምህርት ቤት አስገነቡ፣ አንድ የገበያ አጥር አስጀምረው ሳያስጨርሱ ቀሩ። አንድም ለቅሶ ግን አልቀሩም፤ ሹፌራቸው እሑድ የሚባል ቀን ጠፋብኝ ብሎ ያማርር ነበር።

በስድስተኛው ዓመት፣ የበረሃው አቧራማ ነፋስ በሚነፍስበት ወር አቱቢጋ በሳል ሞተ። አሁን መቃብር መውረድ የእኛ የዳጋባዎች ተራ ነበር። ጎልማሶች ሞልተው ነበር፤ የልፓላ ግን ማንንም አላስቀደሙም። በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ የሹመት ካባቸውን እንደለበሱ፣ ሁለት ቆፋሪዎች ደግፈዋቸው ወርደው ተጋደሙ። ሕዝቡ ቀድሞ መሳቅ ጀመረ፤ አሁን ሟቹን ይሰድባሉ፣ የውሻ ጭንቅላት ካላመጣችሁ አልወጣም ይላሉ ብሎ።

«አስተዳዳሪ፣ ለመውጣት ምን ይፈልጋሉ?» አለ የአቱቢጋ ታላቅ ልጅ እየሳቀ።

  አጎንብሼ ሳያቸው ወደ ላይ፣ ወደ ሰማዩ ያያሉ።

«ቀዝቃዛ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ። «እውነቱን ነው።»

ከዚያ በኋላ እንደተጋደሙ ቆዩ። ልጁ መሳቁን ተወ፤ እኛም እስኪነሱ ድረስ ዙሪያውን ቆመን ጠበቅናቸው።