የተለማማጅ ዝምታ

ዝም ማለት በትምህርት ይገኛል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው ዝም ካለ ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ይባላል እንጂ ተምሮ ነው አይባልም። እኔ ግን ተምሬያለሁ። ጅቡቲ ከተማ፣ በአርባ ዓመቴ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ነጭ ጓንት አጥልቄ፣ አስተማሪ ተመድቦልኝ ነው የተማርኩት። አሁንም ትዝ ሲለኝ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

የምሠራበት የትራንዚት ድርጅት አለቃ ፈረንሳዊ ነበር። ከወደቡ ጋር ያለውን ጣጣ ሁሉ የምጨርስለት እኔ ስለሆንኩ ይወደኛል። አንድ ቀን ቢሮውን ዘጋና ፍራንማሶን መሆኑን ነገረኝ፤ አገር ቤት ፍሪሜሶን የምንላቸው ናቸው። ብትገባስ አለኝ። ሚስቴን ሳማክራት ደም ትጠጣላችሁ አሉ፣ ሰይጣን ተሸክመህ ከመጣህ ልብስህን እኔ አላጥብም አለችኝ። ኧረ አቦ፣ የምን ሰይጣን! ሰይጣን በጅቡቲ ሙቀት ጥቁር ሱፍ አይለብስም። ገብቼ ያየሁት ሐኪም፣ የባንክ ሰው፣ ነጋዴና የፈረንሳይ ጦር መኮንን አንድ ላይ ተቀምጠው ወረቀት ሲያነቡና በኋላ እራት ሲበሉ ነው። የገባሁትም ለጥበብ ብዬ እንዳይመስላችሁ። እዚህ አገር ሐበሻ ዕድሜ ልኩን ከበር ነው የሚመለሰው፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን ውስጥ ገብቼ መቀመጥ አማረኝ።

መቀመጡንስ ተቀመጥኩ። አዲስ የገባ ሰው ተለማማጅ ይባላል፤ ተለማማጅ በጉባኤ ላይ አይናገርም። ድምፅ ይሰጣል፣ ያዳምጣል፣ አፉን ግን አይከፍትም። የግድ የሚናገረው ካለው ተለማማጆችን ለሚያሠለጥነው ሰው በምልክት ያሳያል፣ እሱ ፈቃዱ ከሆነ ያስተላልፍለታል። ንግግር የሚፈቀደው ወደ ሁለተኛው ማዕረግ ሲሻገር ነው። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ሳቄ መጣ። ለጥቂት ጊዜ ነው ብለው አጽናኑኝ።

የእኔ አሠልጣኝ ጡረታ የወጡ የሊሴ፣ የፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እንደ ብዙዎቹ ፈረንሳዮች በሐምሌ ሙቀቱን ሸሽተው የማይሄዱ፣ ከባሕሩ ዳር ባለው ቤታቸው አየር ማቀዝቀዣ የሚጠሉ ሽማግሌ ናቸው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ጥያቄና መልሱን በፈረንሳይኛ በቃሌ ያስጠኑኛል። ተለማማጅ ዕድሜው ሲጠየቅ ሦስት ዓመት ብሎ ነው የሚመልሰው፤ ሥርዓቱ ነው። ጢሜ ሸብቶ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ሦስት ዓመቴ ነው እላለሁ። እሳቸው ደግሞ መልሱን ትተው የአነጋገሬን ዘዬ ያርማሉ፣ እንደገና በል ይሉኛል። ክፉ ሰው ነበሩ ማለት አልችልም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

አሁን ነገሩ ሁሉ የደረሰበትን ሰው ላምጣው። ጋሼ እለዋለሁ፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የኢትዮጵያ ዕቃ በሙሉ ወደ ጅቡቲ የዞረ ጊዜ፣ ሥራ ፍለጋ ስመጣ በሚነዳው ከባድ መኪና ጋቢና ጭኖ ያመጣኝ እሱ ነው። በዚያው ጉዞ ድንበሩን፣ ጋላፊን አልፈን ጅቡቲ ውስጥ ወዳለችው ዲክሂል ስንወርድ፣ ከፊታችን የነበረ መኪና አንድ የግመል እረኛ ገጭቶ ሳይቆም ሄደ። ዓይኔ እያየ ነው። ጋሼ ፍሬን ያዘ። ተው ይቅርብህ፣ በእኛ ያላክኩታል አልኩት፤ ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም ብሎ ወረደ። ሰውየውን ተሸክመን ጋቢና አስገባነው፣ ዲክሂል ሐኪም ቤት እንደደረስን ሞተ። ያመጣው ገዳዩ ነው ተባለና ጋሼ ታሰረ። እኔ ያኔ ከአማርኛና ከኦሮምኛ በቀር አላውቅም፤ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ብጮህ ማን ይስማኝ? የሟች ዘመዶች ራሳቸው አጣርተው እውነተኛውን ገጪ እስኪያገኙት ድረስ ወራት እስር ቤት ቆየ። ከዚያም ወጣና ጅቡቲ ከተማ ዋራበሌ ሰፈር በነበረችው የቆርቆሮ ቤቱ አብረን መኖር ጀመርን።

ወጣ እንጂ ስሙ አልወጣም። ከዓመታት በኋላ የራሱ መኪናዎች ኖሩት፣ ሆዳን ሰፈር ቤት ሠራ፣ ፈረንሳይኛውም ከእኔ የተሻለ ነው። ወደብ ላይ ግን ከኋላው ገዳዩ ሹፌር ይሉታል። ፊት ለፊት ይስቁለታል፣ ሠርጋቸው ላይ ግን አይጠሩትም። እሱ ደግሞ ኩሩ ነው፤ ማንንም ይዞ እንዲህ ነበር ብሎ አያስረዳም። እስር ቤት ሳለሁ የለመንኩት ይበቃኛል ይላል። እኔ መግባቴን ስነግረው፣ አባል የሚሆን ሰው መጀመሪያ ይመረመር እንደሆነና እያንዳንዱ ሰው በምስጢር ድምፅ ይሰጥበት እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

«እንግዲያው እነሱ ይመርምሩኝ» አለኝ። «መርምረው ሰው ነው ይበሉኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ተለማማጅ ሰው ለአባልነት ማቅረብ አይችልም፣ ስለዚህ አለቃዬን ለመንኩት፤ አቀረበው። የዲክሂሉንም ነገር አንድ በአንድ አጫወትኩት፤ አንዱ ማንሳቱ እንደማይቀር አውቄያለሁ። አይዞህ፣ ከተነሳ እኔ አስረዳለሁ አለኝ። እኔም በበኩሌ ያየሁት እኔ ነኝ፣ መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ ብዬ ወደ ሁለተኛው ማዕረግ የምሻገርበትን ቀን መጠበቅ ጀመርኩ። ለጋሼም ነገርኩት፦ እኔ እናገርልሃለሁ፣ አንተ ግን የአባል ስም በማንም ፊት አታንሳ፣ ነውር ነው።

የማዕረግ ቀን መቁረጥ ጅቡቲ ላይ እንዴት ያለ ፍዳ እንደሆነ የቆረጠው ያውቃል። የጸሐፊው ሥራ ነው፤ ኢንሹራንስ ቤት የሚሠራ ጨዋ ሰው ነበር፣ ስልክ ሲደውል እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ጉባኤ አይጠራም፤ የአገሩ ሰዎች ጫት ላይ ናቸው። በረመዳን አይሆንም። ሥርዓቱን ለመክፈት የግድ ሰባት ባለ ሦስተኛ ማዕረግ ያስፈልጋል፤ ከነሱ ግማሹ የጦር ሰው ነው። የእኔ ቀን መጀመሪያ ሲቆረጥ ረመዳን ገባበት። ቀጥሎ ሲቆረጥ መኮንኖቹ ለልምምድ በረሃ ወረዱና ሰው ጎደለ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም ተሟልቶ መብራት ጠፋ፤ አንድ ሽማግሌ ሱፋቸውን እንደለበሱ ተዝለፈለፉና ውሃ እያፈሰስንባቸው ተበተንን። በየጊዜው ጸሐፊው ይቅርታ ይለኛል፣ አሠልጣኜ ደግሞ መጠበቅም ትምህርት ነው ይሉኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ፤ እኔ ምን በወጣኝ እዚያ ገባሁ እያልኩ ራሴን እረግማለሁ።

ሰኔ መጣ። ከሰኔ በኋላ ፈረንሳዩ ሁሉ ሙቀት ሸሽቶ አገሩ ይገባል፤ እስከ መስከረም ጉባኤ የለም። ጸሐፊው የቀረውን ጉዳይ በሙሉ በመጨረሻው ምሽት ላይ አጨቀው፦ የጋሼ ምርመራና ድምፅ፣ የእኔም መሻገር። ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ስለሚመረመረው ሰው የምናገረው አለኝ፣ ተሻግሬ መናገር አለብኝ አልኩት። በዚያ ምሽት ትናገራለህ አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቀኑ ሊደርስ ሲል ግን የአለቃዬ ሚስት ፈረንሳይ አገር ታማ፣ አስረዳለሁ ያለኝ እሱ አስቀድሞ በረረ።

ጉባኤው ተከፍቶ የምሽቱ ተራ ሲነበብ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጋሼ ጉዳይ መጀመሪያ፣ የእኔ መሻገር በኋላ። ምክንያት አላቸው እኮ! እንግዳ ሰው ውጭ ማስጠበቅ ጥሩ አይደለም፣ ቶሎ ጨርሰን እንሸኘው፤ የማዕረጉ ሥርዓት ረጅም ነው፣ ከእሱ ቀጥታ ወደ እራት እንሂድ። ለእራቱ ብለው ነው። ወላሂ ለእራቱ ብለው ነው።

ጋሼን ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ አስረው፣ ክንዱን ይዘው አስገቡት። ለአዲስ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ማን እንደሚጠይቀው አያይም። መሐል ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሱፉ አዲስ ነበር። ስለ ሥራው፣ ስለ እምነቱ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ በረጋ ድምፅ መለሰ። ከዚያ አንዱ የፈራሁትን አነሳ። ታስረህ ታውቃለህ? አዎ። በምን? መንገድ ላይ በሞተ ሰው። አንተ ነህ የገደልከው? ይህን ጊዜ ጋሼ ፊቱን ወዲህም ወዲያም አዞረ።

«ያየ ሰው አለ» አለ። «እሱ ይናገር።»

ስሜን እንዳያነሳ በቃል ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ጠበቀ። ብድግ ልል ስል አሠልጣኜ መጥተው ትከሻዬን ተጫኑኝ። እኔ ነኝ ያየሁት፣ ያስተላልፉልኝ አልኳቸው በሹክሹክታ። ትንሽ ጠብቅ፣ ዛሬውኑ ትናገራለህ፣ አሁን ሥርዓቱን አታፍርስ አሉኝ። ሰብሳቢው መዶሻውን መቱ፤ በየረድፉ ከተቀመጠው ወገን የሚናገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የተለማማጆች ወገን መልስ የሚሰጠው በአሠልጣኙ አፍ ነው። ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሥርዓቱ የሚያዘውን ቃል አሉ።

«በእኛ ወገን ጸጥታ ሰፍኗል።»

ጋሼን አስወጡት። ከዚያ የድምፅ መስጫው ሳጥን ዞረ፤ ነጭ ጠጠር መቀበል ነው፣ ጥቁር መንሳት። እኔ ነጭ ከተትኩ። ሳጥኑ ሲከፈት ጥቁሩ ከበቂ በላይ ነበር። ሰብሳቢው አዝናለሁ አሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ፤ የሚቀጥለው ጉዳይ እኔ ነበርኩ።

አቆሙኝ። ዕድሜህ ስንት ነው አሉኝ፣ ሦስት ዓመት አልኩ። አንድም ቃል ሳልስት ሁሉንም መለስኩ፤ ጥናቴ እንዲያ ነበር። አሻገሩኝ። እንኳን ደስ አለህ፣ ከእንግዲህ በጉባኤያችን ቃል አለህ፣ የምትለው ካለ ተናገር አሉኝ። ተናገርኩ። ከጋላፊ ቁልቁለት ጀምሬ፣ ያመለጠውን መኪና፣ የጋሼን ሸሚዝ የነከረውን ደም፣ እስሩን፣ የሟች ዘመዶች የመሰከሩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ጫማውን ያያል። ሰብሳቢው ልብ የሚነካ ነው፣ የሚያሳዝነው ድምፁ ተዘግቷል፣ ወዳጅህ ከጊዜ በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል አሉ። ከዚያ እራት ቀረበ። አሠልጣኜ ብርጭቆ ይዘው መጥተው የመጀመሪያ ንግግርህ አኮራኝ፣ ዘዬህም በጣም ተሻሽሏል አሉኝ። ሳህኑን ትቼ ወጣሁ፤ እዚያ ቤት ዳግመኛ አልረገጥኩም።

በማግስቱ ጋሼን ምኒልክ አደባባይ፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት ካፌ አገኘሁት። ውጤቱን ጸሐፊው ደውሎ ነግሮታል፤ በይቅርታ ጀምሮ ይሆናል። ሻይ አዞልኝ ጠበቀኝ።

«እዚያ ነበርክ?» አለኝ።

ነበርኩ አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ የዝምታውን ሕግ፣ ረመዳኑን፣ መብራቱን፣ የተራውን መገላበጥ፣ ትከሻዬ ላይ ያረፈውን እጅ፣ በኋላ መናገሬንም። መኪና ሲያልፍ እንኳ ቀና አላለም። ቁጣ ብሰማ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን የተናገረው ቀስ ብሎ ነው።

«ዲክሂል የታሰርኩ ቀን» አለ፣ «በር ላይ ሆነህ በአማርኛ ስትጮህ ውስጥ ሆኜ እሰማህ ነበር። ቋንቋህ የሚገባው ሰው አልነበረም። ይገፉሃል፣ ተመልሰህ ትጮሃለህ። እነዚያን ወራት የቻልኳቸው በዚያ ነው። ትናንትም ዓይኔን ሲያስሩኝ ያንን ድምፅ ነበር የምጠብቀው።»

ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ።