የልብስ ሰፊው እግር

ልብስ ሰፊው ስኳር እንዳለበት ያወቀው፣ መርፌ እግሩ ላይ ወድቆ ተሰክቶበት ሳይሰማው ሲቀር ነው። ደሙን ያየችው ሚስቱ ናት።

ሐኪሙ አልደበቀውም። "መድኃኒቱ የሚሠራው ግማሹን ነው፤ ግማሹ የእርስዎ ነው። በቀን አርባ ደቂቃ ካልተራመዱ ይሄ እግር አይቆይልዎትም።"

ፈራ። ሃያ ዓመት ተቀምጦ የሰፋ ሰውዬ፣ አሮጌ መኪናውን ግቢ አቁሞ ከቤት ሱቅ በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩም ስኳር አለበትና "ጋሼ፣ አንተ ከቻልክማ እኔ ምን አነሰኝ!" ብሎ ተከተለው።

ግን የሰው አፍ መች ክዳን አለው። መኪናውን ሸጧል ተባለ። ቀጥሎ ሱቁም ሊዘጋ ነው ተባለ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት የሙሽራ እናት ጨርቋን ልትወስድ መጣች።

"እትዬ፣ ተቆርጧል እኮ።"

"ቢቆረጥም ስጠኝ። ነገ በሩ ተቆልፎ ባገኘው ልጄ ራቁቷን ትዳር?"

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ሰዎችም ጨርቃቸውን ወሰዱ። ቤት ገብቶ ሲነግራት ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"በቃ፣ መኪናዋን አስነሳ!"

"እግሬስ?"

"እግርህንማ ጫማ ይሸፍነዋል" አለችና ራሷ ደነገጠች። ግን ቃሏን አልመለሰችም።

ሰኞ መኪናዋን አስነሳ። እንዲያዩት ብሎ ያለ ምክንያት ጥሩንባ ነፋ። እናትየዋ ጨርቋን መልሳ አመጣች። ግቢ ውስጥ እራመዳለሁ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ ይላል። ነገ ደግሞ አያልቅም።

ሐሙስ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ላቡን እየጠረገ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"ምነው ጣልከኝ ጋሼ? ብቻዬን ስሄድ እኮ ሰው ያበደ መስሎታል!"

ሁለት ደንበኞች ጨርቅ እየመረጡ ነበር። ልብስ ሰፊው አያቸው።

"እኔማ ድኛለሁ። ሐኪሙ በቃህ ብሎኛል።"

"በሦስት ሳምንት?"

"በሦስት ሳምንት።"

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ በራ። "እንግዲያ እኔም ድኛለሁ በለኛ!"

አይ፣ አንተስ ቀጥል ሊለው አፉን ከፈተ። ደንበኞቹ ቀና አሉ። አፉን መልሶ ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን እየነዳ ከቤቱ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን አወዛወዘ።

"ቦታ አለ ጋሼ?"

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተለት።