ኦቦ ሁንዴን ሱፍ ሊያለብሷቸው ነበር

ረሕመት ደውላ "ኦቦ ሁንዴ ሞቱ" ስትለኝ "የትኛው ሁንዴ?" አልኳት። ሌላ ሁንዴ አላውቅም እኮ!

ትናንት አመሻሽ ላይ ደውለውልኝ ነበር። ጫንጮ መንገድ ላይ ያነሳኋቸውን አህዮች ልኬላቸው ነው። "ፎቶህ ተጋድሟል፤ አህዮቹ ቁልቁል ሊንከባለሉ ነው፣ አቅናቸው!" ብለው ሰላም እንኳን ሳይሉኝ ዘጉት። እንዲህ የሚቆጣ ሰው በማግስቱ ይሞታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ዛሬ ጠዋት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ልባቸው ቆመ አሉ።

ለማታውቋቸው፣ ኦቦ ሁንዴ ሱሉልታ ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጡ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። ፎቶ ማንሳት ደግሞ እብደታቸው ነበር። እኔ ቡራዩ ነኝ፣ ረሕመት ሰበታ ጨርቅ ትሸጣለች። ሦስታችን አዋጥተን አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛን። አንድ ካሜራ፣ ሦስት ከተማ!

በየሳምንቱ ተራ እየገባን በምናውቃቸው የሚኒባስ ሾፌሮች እንላላከው ነበር። ኦቦ ሁንዴ ሌባ እንዳይጠረጥር ብለው በምሳ ዕቃ ውስጥ ነው የሚልኩት። አንድ ቀን ረሕመት በጉጉት ስትከፍተው ሽሮ አገኘች። ካሜራው ለካ የኦቦ ሁንዴ ምሳ ሆኖ ሱቅ ገብቷል።

ሞዴል መቅጠር አንችልም። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ማንሳት ለመማር በማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚለማመዱትን ሯጮች አድብተን ማንሳት ጀመርን። ችግሩ ሌንሳችን ሩቅ ያለውን አያቀርብም። ኦቦ ሁንዴ ታዲያ ምን አሰቡ? በቦቲ ጫማቸው አብረዋቸው መሮጥ! ያነሱት ሁሉ ጭስ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን ግን የአንዲት ሯጭ ጥርት ያለ ፎቶ ይዘው መጡ። ላቧ ሳይቀር ይታያል። "እንዴት አድርገው አገኟት?" ስንላቸው ትንሽ አፈር ብለው "ቆማ ነው" አሉ። ለካ ሲያለከልኩ አይታ "አባባ፣ ደህና ነዎት?" ብላ ውሃ ልትሰጣቸው ነው የቆመችው።

ሌላው ነጻ ሞዴላችን ራሳቸው ነበሩ። ግን ዝም ብለው አይነሱም። ልክ ቁልፉን ልትጫን ስትል እጃቸውን ዘርግተው "ቱሪ! ቱሪ! ቆይ እንጂ! ጀርባዬ ላይ ምን አለ?" ብለው ይጮሃሉ። ጀርባቸው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ። ወይ ከአናታቸው የበቀለ የመብራት እንጨት፣ ወይ የተሰጣ የጎረቤት ሱሪ። "አዲስ ካሜራ መግዛት አልቻልክም፣ እሺ። አሻግሮ ማየትም አቃተህ?" ይሉኛል።

ዛሬ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ባለቤታቸው አዴ ሎሚ ዓይናቸው አብጦ እጄን ያዙኝና "ስታነሳው የኖርከው አንተ ነህ። ለቀስተኛው ሳይበዛ ለድንኳኑ አንድ ደህና ፎቶ ስጠኝ" አሉኝ።

እኔና ረሕመት ስልካችንን መፈተሽ ጀመርን። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጭንቅላት የለም። ቀጥሎ ጭንቅላቱ መጣ፣ ፎከሱ ግን ጆሯቸው ላይ ነው። እያደር ዓይናቸውም ጠራ፤ ረሕመትም ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ይዛ ብርሃን መመለስ ተማረች፣ ፊታቸው አማረ። በዚህ ሁሉ መሃል ግን አፋቸው የተዘጋበት አንድም ፎቶ የለም። ሁሉም ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ቱሪ!" እያሉ ነው።

ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ገመቹ ይዘውን ፎቶ ቤት ሄዱ። የፎቶ ቤቱ ልጅ የተሻለውን ፎቶ አየና "ችግር የለም፣ አፋቸውን እዘጋዋለሁ። ሱፍ ላልብሳቸው? ክራባት ቀይም ሰማያዊም አለ" አለ። ኦቦ ገመቹ ሰማያዊ መረጡ። ወዲያው ኦቦ ሁንዴ ሱፍ ለበሱ፣ አፋቸው ተዘጋ፣ እጃቸው ጠፋ፣ ከኋላቸው ፏፏቴ መውረድ ጀመረ። ፏፏቴ! ዕድሜ ልካቸውን "ጀርባዬ ላይ ምን አለ?" ሲሉ የኖሩ ሰው!

ጠዋት እምቢ ያለኝ እንባ እዚያ ፎቶ ቤት ውስጥ መጣ። ሌላ ሰው ልንቀብር የሄድን መሰለኝ። "ኦቦ ገመቹ፣ እኚህን ሰውዬ አላውቃቸውም" አልኩ።

"ታዲያ በለቅሶው ላይ አፉን ከፍቶ ይታይ? ሰው ምን ይለናል?" ብለው ተቆጡ። አልፈርድባቸውም፤ ወንድማቸውን በክብር መሸኘት ነው የፈለጉት።

ሱፍ የለበሰውንም ያልተነካውንም አሳትመን ለአዴ ሎሚ ወሰድንላቸው። ሱፉን አዩና "ይሄ ደግሞ ማነው?" አሉ። ሌላውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። በመዳፋቸው ፊቱን ጠረጉት።

"አርባ ዓመት ሲጮህብኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ተገኝቶ ዝም ይላል? ይሄን ስቀሉ" አሉ።

አሁን ይህን የምጽፈው ከድንኳኑ ጥግ ሆኜ ነው። ኦቦ ሁንዴ መግቢያው ላይ እጃቸውን ዘርግተው "ቱሪ!" እያሉ ነው። ደረታቸውን እየደቁ የመጡ አንዲት ጎረቤት ፎቶው ፊት ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ዞር ብለው ከኋላቸው ምን እንዳለ አዩ። ሳቃቸው አመለጣቸው፣ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፣ ከዚያም ከበፊቱ ይበልጥ አለቀሱ። ኦቦ ገመቹም ከንፈራቸውን ነክሰው ሲስቁ ይዣቸዋለሁ፤ ቢጠየቁ ግን ይክዳሉ።

ኦቦ ሁንዴ፣ ሰዉን በለቅሶዎ ላይ ያሳቅሁት እኔ ነኝና ቢቆጡም በእኔ ነው። ፎቶውን ሳነሳ ጀርባዎን አይቼዋለሁ፤ ከሱቅዎ ግድግዳ በቀር ምንም የለበትም። ያኔ ሳሳይዎት "እህ" ብቻ ብለው ካሜራውን መለሱልኝ፤ እኔም አኩርፌ ወደ ቡራዩ ሄድኩ። ዛሬ ደጋግሜ እያየሁት ነው። እርስዎ ስህተት አጥተውለት ነበር ለካ! ነጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ አባቴ። በጣም ነው የምወድዎት።