በሁዳዴ የተመረጠ ድምፅ

የሞቀ አቧራ ሽታ ነው ሁሉን የሚያስታውሰኝ። ልጄ የጊታር ማጉያውን፣ እኛ ቤት «ሳጥኑ» የምንለውን፣ ስታበራው ቀይዋ መብራት ቦግ ትላለች፤ ከኋላው ያ ሽታ ይከተላል፤ የሞቀ አቧራ፣ ያረጀ ጨርቅ፣ ትንሽ ደግሞ የክረምት እርጥበት። እሷ አይሸታትም። እኔ ግን ሽታው በመጣ ቁጥር ታላቅ ወንድሜ በበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ይመስለኛል።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልዘለቅሁም። ስለ ሙዚቃም የማውቀው ወንድሜ በአንድ ቀን ያሳየኝን ብቻ ነው።

ወንድሜ ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌቱ ሲነሳ ጊታሩን ያነሳል። ጊታሩ ሆዱ ባዶ፣ እንጨቱ ብቻውን የሚያስተጋባ፣ ግን ከማጉያ ጋር የሚያገናኝ ገመድ የሚሰካበት ነበር። ሌላው ለጭፈራ ሲመታ እሱ ጃዝ የሚለው ነገር ነበረው። «ጃዝ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው አታውቂም? ሁሉም ወሬውን ትቶ የሚያዳምጠው? እንደሱ ነው» አለኝ። እውነትም አንዷን ክር ይነካና ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃታል። እንደዚያ የሚታገስ ሰው ከሱ በኋላ አላየሁም።

የአንድ ሆቴል ባንድ ጊታር መቺ ጎደለው። መሪው ድሮ በሠራዊት ባንድ ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ወንድሜን ጠርተው «ከፋሲካ በኋላ የራስህን ሳጥን ይዘህ ና። ድምፁ ከበሮዬን ማለፍ አለበት። ካላለፈ ሌላ ሰው አለኝ» አሉት። ያን ቦታ ምን ያህል እንደተመኘው እኔ ነኝ የማውቀው። መቀስ ይዞ እንኳ ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ይመቱ ነበር።

ከልብስ መስፊያው ጥቂት ወረድ ብሎ ራዲዮ የሚጠግኑ አዛውንት ሱቅ ነበራቸው። ያገለገሉ ሁለት ማጉያዎች አምጥተዋል። «ነይ እህትዓለም፣ ጆሮሽን አውሺኝ» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሱቁ ውስጥ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል፤ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በተፈቱት ራዲዮዎች ላይ ተኝታለች። አንደኛው ማጉያ እስከ ወገቤ የሚደርስ ትልቅ ነው፤ ከኋላው የመስታወት አምፖሎች አሉት፤ ሲበራ እንደ ከሰል ቀስ እያሉ ይቀላሉ። ሌላው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ባለ ትራንዚስተር ነው። የሚግል አምፖል የለውም፤ እንዳበሩት ይናገራል።

«አያ፣ ላሰማቸው?» አለ ወንድሜ።

«አሰማ፣ ግን ቀስ! ሁዳዴ ነው። በዐቢይ ጾም ከሱቁ ዘፈን ወጣ ከተባልኩ ነገ ቤተ ክርስቲያን በየት ገብቼ ልቆም ነው?»

«ምነው አያ! ከወሰድክ አይመለስም ብለውኛል። ሳልሞክረው እንዴት ልውሰድ?»

«ሹክ እንደሚባለው አድርገህ ሞክር። የምሸጠው ላንተ ጆሮ ነው፣ ለመንገደኛው አይደለም።»

ወንድሜ ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እኔ ጊታሩን ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው የምመታው፤ በአጥንቴ ስለምሰማው ሳጥኑ ያለውንና እንጨቱ ያለውን መለየት አልችልም። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪና ስሚልኝ» አለኝ።

ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የተላጠ ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ ዛሬም ብስለው አልስተውም። መጀመሪያ ያለ ገመድ፣ እንጨቱን ብቻ መታልኝ። «ይህን ያዢ» አለኝ። ቀጥሎ በአንደኛው ሳጥን፣ ቀጥሎ በሌላው፤ ሁለቱንም እንደ ሹክሹክታ ዝቅ አድርጎ። የፊተኛው ከበስተኋላው እንደ ንብ ቀፎ ድምፅ አለው፤ ጊታሩም ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው መሰለ። የኋለኛው ላይ ግን ደነገጥኩ። ወንድሜ ተነስቶ ጆሮዬ ሥር የተቀመጠ መሰለኝ።

«የቱ ነው ጊታሩን የሚመስለው?»

«ሁለተኛው። ሁለተኛው እኮ ራሱ ጊታሩ ነው፤ ቀረብ አለ እንጂ።»

ሁለተኛው ትንሹ ነበር።

«ኧረ ተው ልጄ» አሉ አዛውንቱ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ሊያታልሉት አይደለም። «ትልቁ ማርነቱ የሚወጣው ሲጮህ ነው። ጾሙ ይፈታና አይተህ ትፈርዳለህ።»

ወንድሜ ግን ትንሹ ፊት ተንበርክኮ ማዞሪያዎቹን መነካካት ጀመረ። የቀጭኑን ድምፅ ዝቅ፣ የመሃሉን ትንሽ ከፍ፣ የወፍራሙን እንዳያጓራ አድርጎ ተወው፤ ልክ የሰው ወገብ ሲለካ እንደሚጠነቀቀው። ከዚያ አንዷን ክር ነክቶ ጠበቃት። ድምፁ ሳይሰበር ቀጥኖ ቀጥኖ ጠፋ። አዛውንቱም የያዙትን መበየጃ አስቀመጡ።

«ይህን ነው የምወስደው» አለ።

«መሪው ያባርሩሃል!» አልኩት። ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

«ካባረሩኝም በራሴ ድምፅ ያባርሩኝ።»

በጋቢ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመው። በጾም የዘፈን ዕቃ ይዞ እንዳይታይ ነው። አንዷ ጎረቤታችን «ምንድን ነው እሱ?» ብትለው «የስፌት ማኪና!» አላት። «እሰይ፣ ሸጋ ነው፣ ሥራ ይቅናህ» ብላ መረቀችው። እስከ ቤታችን ሳቃችንን አፍነን ገባን።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሰዓት ሆቴሉ ሄድን። አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል። መሪው ሳጥኑን ዞር ብለው አዩትና «ማጉያ አምጣ አልኩ እንጂ ምሳ ዕቃ አምጣ አልኩህ?» አሉ። ከበሮ መቺው ሳቀ። ጀመሩ። ከበሮው እንደ በረዶ ወረደበት፤ የወንድሜ ጣቶች ሲሄዱ አያለሁ፣ የሚሰማኝ ነገር ግን የለም። መሪው ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ያዝኩ።

መብራት ጠፋ።

የባንዱ ኦርጋን ሞተ። ከበሮ መቺው «ይኸው ጀመረን!» ብሎ ዱላውን ጣለ። መሪውም ሳክስፎኑን ከአፋቸው አወረዱ። ወንድሜ ብቻ አልተወም። ዓይኑን ጨፍኖ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ፣ በባዶ እንጨት ቀጠለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰሙት። ወለሉን የምትወለውለው ሴትዮ እንኳ ጨርቋን እንደያዘች ቆመች።

መብራቱ ሲመለስ ትንሹ ሳጥን ልሙቅ አላለም፤ ወንድሜ ከደረሰበት፣ ከመሃል ገብቶ ተናገረ። ድምፁ ያው ነበር። አልተለወጠም፣ አልጮኸም፤ ቀረበ ብቻ። መሪው ወደ ከበሮው ዞረው በእጃቸው ወደ ታች አመለከቱ።

«ቀስ በል፣ እንስማው።»

«ጋሼ፣ ጾም ከፈታሁ ገና ሳምንቴ ነው፤ መልሼ ልጹም?»

«ጹም!»

ከበሮ መቺው እያጉረመረመ ዱላውን ትቶ በሽቦ መጥረጊያው ከበሮውን ይዳብስ ጀመር። መሪውም ሳክስፎኑን አንስተው ከወንድሜ ሥር ገቡ፤ ከላዩ አይደለም፣ ከሥሩ። ያን ቀን የወንድሜ ፊት እንዴት እንዳበራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከዚያ ወዲያ ባንዱ ሁሉ ለእሱ ድምፅ ሲል ዝቅ ብሎ መጫወት ለመደ።

ጥቂት ዓመት እንደተጫወተ ሆቴሉ ተዘጋ። ወንድሜ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ አውቶቡስ ተሳፈረና በሳንጃ በኩል ወደ ጠረፍ ለሥራ ወረደ። ሳጥኑን ለኔ ሲተው «እርጥበት እንዳይበላው እያበራሽ ጠብቂልኝ» አለኝ። እሱም አልተመለሰም፤ ወሬውም አልመጣም። እኔም በእጄ አጥፍቼው አላውቅም፤ ልጄ ብታጠፋው እንኳ መልሳ ታበራዋለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ቀድሞ «ጥ» ብሎ የሚነቃው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሳይ ጀርባው ላይ ጊታር እፈልጋለሁ።

ታዲያ አሁን ልጄ ጊታር መቺ ሆነችላችሁ! ባሕር ዳር ከጓደኞቿ ጋር እንድትጫወት ተጠራች። የመንገዱን ነገር አላነሳውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንቅልፍ አጣሁ። አንዷ ጓደኛዋ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ማጉያ አዋሰቻት።

«እማዬ፣ የቱን ልያዝ?»

«አዲሱን» አልኳት ፈጥኜ።

«ሳትሰሚ? እንዲያ አይደለም ያስተማርሽኝ። በይ ዙሪ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መጀመሪያ ያለ ገመድ መታች፤ ከዚያ በአንዱ፣ ከዚያ በሌላው። አንደኛው ያምራል፤ ግን ስኳር ጨምሮበታል። ሁለተኛው ላይ ልጄ ተነስታ ጆሮዬ ሥር ተቀመጠች። የቱ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ግን ሁለተኛው ካልኩ የወንድሜ ሳጥን እሱ በሄደበት ዓይነት መንገድ ሊሄድ ነው፤ አንደኛው ካልኩ ልጄ በሰው ድምፅ ልትናገር ነው።

«እማዬ?»

«ሁለተኛው» አልኳት። «ሁለተኛው አንቺ ነሽ።»

ጠዋት በጋቢዬ ጠቀለለችው። የባጃጁ ልጅ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት ወደኔ ዞር ብላ «የስፌት ማኪና!» አለች። እየሳቅሁ ሸኘኋት፤ እንባዬን በኋላ ጠረግሁ።

ወደ ማታ ደውላ «ደርሰናል እማዬ፣ ሳጥኑም ደህና ነው» አለችኝ። ስልኩን እንዳስቀመጥኩ መብራት ጠፋ። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሲመጣ ከጣሪያው ያለው አምፖል በራ፣ ማቀዝቀዣው አጉረመረመ። ሳጥኑ የነበረበት ጥግ ግን ምንም አላለም። እኔም ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ ምናልባት ከሩቅ ይሰማኝ እንደሆነ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።