ጋቢ የለበሰው ስክሪን

ባለፈው ሳምንት ቢቸና በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለአዲሷ ባልደረባዬ ለሰላም ሁለት ስክሪን ስገጥምላት፣ ጎንበስ ብዬ ከጀርባቸው ያለውን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። «ግራና ቀኝ ማለት አይበቃም እንዴ ጋሼ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልማድ ነው አልኳትና ሥራዬን ቀጠልኩ። ልማዱን ያመጣሁት ከሞጣ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ጸጉሬ ሸብቷል። ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ ሞጣ የሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹን እንዳስተካክልለት ጠራኝ። ወሩ ሐምሌ ነው። ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል የሄድኩበት አውቶቡስ ጭቃ ይዞት ሁለት ጊዜ አስወርዶ አስገፋን፤ በሁለተኛው አንዲት ሴት መንገድ ዳር የምትሸጠውን ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ቆየን። ያንን የመሰለ ድንች ከዚያ ወዲህ አልበላሁም። ምናልባት ያጣፈጠው ብርዱ ይሆናል።

ሥራው ቀላል ነበር። ከካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ጋር ሦስት ስክሪኖች ተገናኝተዋል፤ አንዱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ሐኪሙ ክፍል፣ አንዱ ደግሞ ሕመምተኞች ተራቸውን በሚጠብቁበት አዳራሽ። የትኛው ምን እንደሚያሳይ ኮምፒውተሩን የሚያዝ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ጻፍኩ። ስክሪፕቱ ስክሪኖቹን የሚለያቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ነው። ቁጥሩን የሚሰጣቸው ኮምፒውተሩ ሲሆን፣ ሲነሳ ቀድሞ ያገኘውን አንድ ይለዋል። እያንዳንዱ ስክሪን የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥር እንዳለውና ስክሪፕቱ በዚያ ሊለየው እንደሚችል አውቅ ነበር። ግን አራት መስመር መጨመር ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ወደ ቤቴ ቸኩያለሁ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «መብራት ሄዶ ሲመጣስ?» አሉኝ።

«ምንም አይሆንም ሲስተር» አልኳቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልሰናበታቸው መጥቼ ሳለ በዝናቡ መካከል መብራት ሄደ። ሲመለስ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለስክሪኖቹ ሌላ ቁጥር ሰጣቸው፤ ለሐኪሙ መታየት የነበረበት ካርድ አዳራሹ ውስጥ ወጣ። የአንዲት ሴት ስም፣ ከሥሩ የምርመራ ውጤቷ። ሴትዮዋ እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ውጤቷን ገና ማንም አልነገራትም ነበር። ቀና ብላ አየችና ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ አሁንም በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አውርደው ስክሪኑን አለበሱትና በዚያ ብርድ በእጀ ጠባብ ብቻ ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ሮጬ ገመዱን የነቀልኩት።

«አባቴ፣ አነበቡት?» አለቻቸው ሴትዮዋ ቀስ ብላ።

«እኔ እንጃ ልጄ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው የመጣሁ» አሏት።

የመነጽራቸው ጫፍ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሎ ይታየኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራቱን መስመሮች ጨመርኩ። ኮምፒውተሩን ደጋግሜ አጥፍቼ አበራሁት፤ እያንዳንዱ ስክሪን የራሱን ብቻ አሳየ። በማግስቱ ጠዋት አስተማሪዋ መድኃኒት ልትወስድ መጥታ ካርድ ክፍሉ በር ላይ አገኘችኝ።

«ያስተካከልከው አንተ ነህ አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«መብራቱ ነው እኮ ያበላሸው» አልኳት። ምስጋናዋንም ተቀበልኩ።

ስሟንም ውጤቷንም አልረሳሁም፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም። ይህን ታማኝነት ብዬ ራሴን ላጽናና የሞከርኩባቸው ዓመታት ነበሩ። አሁን ግን ሲታሰበኝ የማፍረው በስሕተቱ አይደለም፤ ስሕተቱን በግማሽ ሰዓት አርሜዋለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ልላት የሚበቃኝ አንድ ትንፋሽ ነበር። አስተማሪዋ ከሞጣ ተዛውራ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።